«ሰልባትዮው ያልበዋል» ላሉህ ሰዎች

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ላይ እንግዳ የማመላልስ ጀልባ ነጂ ነኝ። ጀልባዋ የአጎቴ ነበረች፤ እሱ ሲደክመው እኔ ተረከብኳት። ሞተሯ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ነው። ሰልባትዮዋ (የቤንዚን መያዣዋ) በእጅ የሚነሳው ባለ 25 ሊትር ፕላስቲክ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጠዋት በደንብ ይነሳና ወደ ዘጌ አጋማሽ ስደርስ ያንገራግራል፣ ከዚያ ይጠፋል። መካኒክ ካርቡሬተሩን ሲፈታው ውሃ አገኘበት። ሰልባትዮውን ስንገለብጠውም ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ውሃ ወጣ። አጸዳነው፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ወደቡ ላይ ያሉት ሁሉ ‹ሌሊት ያልበዋል፣ ሞልተህ አሳድረው› ይሉኛል። ቤንዚን በወረፋ እየተገኘ ሞልቼ የማሳድረው ከየት አምጥቼ ነው? አንዱ ደግሞ ነጭ አልኮል ጨምርበት አለኝ። አዲስ ሰልባትዮ ልግዛ ወይስ ምን ይሻለኛል?»
ጀልባ ነጂው፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ላቡ እንነጋገር። እሱን ካላጠራን ገንዘብህንም ጉልበትህንም የምታፈሰው ያለ ቦታው ነው።

አየር እርጥበት ይይዛል፣ ሌሊት ሲበርድ እርጥበቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አየር እርጥበት እስከ ጥጉ ቢጠግብ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚይዘው ውሃ 17 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ማለት ደግሞ 1,000 ሊትር ነው። ያንተ ሰልባትዮ ባዶውን ቢያድር 25 ሊትር አየር ነው ያለው፤ በውስጡ ያለው ውሃ ግማሽ ግራም አይሞላም። አየሩ በየሌሊቱ ሙሉ በሙሉ አይለወጥም ደግሞ። ቀን 27 ዲግሪ ሆኖ ሌሊት ወደ 12 ቢወርድ፣ ውስጡ ያለው አየር የሚኮማተረው 5 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚገባው አዲስ አየር አንድ ሊትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር እርጥብ አየር የሚያመጣው ውሃ አንዲት ጠብታ እንኳ አይሞላም። ይህ ዓመቱን ሙሉ በየሌሊቱ ቢጠራቀም፣ ምንም ሳይተንና ሳይወጣ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አያልፍም። ከሰልባትዮህ የወጣው ግን ግማሽ ብርጭቆ ነው፣ ያውም በአንድ ክረምት። በላብ ይህን ያህል ለመሙላት ከአሥር ዓመት በላይ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሞልተህ ማሳደር አይጠበቅብህም። ውሃው የገባው ፈሳሽ ሆኖ ነው። የገባበትም ቀዳዳ አለ።

አሁን ሰልባትዮህን አምጣና ክዳኑን ከላይ እየው። ክዳኑ የተቀመጠው ከዙሪያው ዝቅ ባለ ጎድጓዳ ላይ እንደሆነ ታያለህ፤ ብዙዎቹ ተነሺ ሰልባትዮዎች እንዲህ ናቸው የሚሠሩት። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ ሲረጭ፣ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ክዳኑ በዚያች ኩሬ መሃል ቆሞ ያድራል ማለት ነው። ከዚያ ምን ይሆናል? ቀን ፀሐይ ላይ የዋለው ሰልባትዮ ውስጡ ያለው አየርና የቤንዚን ትነት አብጧል። ድንገት ዝናብ ሲወርድበት ወይም ሲመሽ ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፤ ያኔ ወደ ውስጥ ይስባል። የክዳኑ ጎሚኒ (ክዳኑን የሚያሽገው ጎማ) ደህና ከሆነ ምንም አይገባም። ጎሚኒው ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን የሚስበው አየሩን ሳይሆን በላዩ የቆመውን ውሃ ነው። ቅድም አንድ ሊትር አየር ይገባል አልኩህ አይደል? በአየሩ ፈንታ ውሃ ከቀደመ፣ ኩሬው እስኪያልቅ ይጠጣዋል። በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ መግባት ቀላል ነው። የወደብ ጓደኞችህ «ሌሊት ይገባል» ማለታቸው ትክክል ነው። የሳቱት መንገዱን ነው።

ጎሚኒው ማለፉን ለማወቅ ፍቅፈቃ አያስፈልግም። ሰልባትዮው ውስጥ ጥቂት ቤንዚን እያለ ክዳኑንም ማስተንፈሻውንም (አየር የሚያስገባውን ብሎን) ጥብቅ አድርገህ ዝጋና ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ አኑረው። ሆዱ ትንሽ ነፋ ሲል የሳሙና አረፋ በክዳኑ ዙሪያና በማስተንፈሻው ብሎን ሥር ቀባ። አረፋው ከተንቦጨቀ ያ ነው ቀዳዳህ። ሲጋራም ምድጃም በአካባቢው እንዳይኖር፤ ከጨረስክ በኋላ ማስተንፈሻውን ቀስ ብለህ ክፈትለት። ጎሚኒውን ስታወጣው ጥቁር ጎማው በጣትህ ስታጥፈው ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየህ አትጠራጠር፣ ቀይረው። የምትገዛው ቤንዚን የሚችል ጎሚኒ ይሁን፤ የውሃ ቧንቧ ጎሚኒ ተመሳስሎ ቢሸጥልህም ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይበላሻል።

ጎሚኒው እስኪገኝ ድረስ እንኳ ሰልባትዮውን በላስቲክ መሸፈን ግማሹን ችግር ያቃልላል። ከሥራ ስትመለስ ከጀልባዋ አውርደህ ፀሐይና ዝናብ የማያገኘው ቦታ ብታሳድረው ደግሞ የተሻለ ነው፤ የሰው መኝታ ቤት ግን አይደለም። እሱን ተሸክሞ መመላለስ ስንፍና እንደሚያስይዝ አውቃለሁ። ክረምቱን ብቻ አድርገው። ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ደግሞ ጎድጓዳውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፤ ያቺ የተቋጠረች ውሃ ክዳኑ ሲነሳ ሳታያት ቁልቁል ትገባለች።

ስለ ማስተንፈሻው አንድ ነገር ልጨምር፣ ምልክቱ ከውሃ ጋር ስለሚመሳሰል። ስትሄድ ክፍት፣ ስታሳድር ዝግ መሆን አለበት። ዘግተኸው ከሄድክ ሞተሩ ቤንዚን ሲስብ ሰልባትዮው ውስጥ አየር ስለማይተካ፣ ከተወሰነ መንገድ በኋላ ነዳጅ ያጥረውና ይጠፋል። ልዩነቱን ለማወቅ ሲጠፋ ወዲያው ማስተንፈሻውን ክፈተው። «እስስ» ብሎ አየር ከሳበና በእጅ የሚጨመቀውን ጎማ ስትጨምቀው ሞተሩ ተነስቶ ደህና ከሄደ፣ ጥፋቱ የውሃ አልነበረም። ያንተ መካኒክ ውሃ በዓይኑ ስላየ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ውሃ ነው፤ ግን ሁለቱ በአንድ ጀልባ ላይ አብረው ሲገኙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጠዋት ደህና ተነስቶ ሐይቁ መሃል የሚጠፋበት ምክንያትም ይኸው ውሃ ነው። ቤንዚን ሊትሩ 750 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ውሃ አንድ ኪሎ። ስለዚህ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ታች ይተኛል። ቤንዚን የሚስበው ቧንቧ አፉ ከሥረኛው ወለል ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ወደብ ላይ ጀልባዋ ጸጥ ብላ ስትቆም ውሃው ከቧንቧው አፍ በታች ስለሚሆን ሞተሩ ንጹሕ ቤንዚን ይጠጣል። ዳርቻውን ለቀህ ማዕበሉ ሲያንገላታት ውሃው ከታች እየተናወጠ አፉ ላይ ይደርሳል።

ሁለተኛው በር ጀሪካንህ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትቀዱት በቢጫው የዘይት ጀሪካን ነው፤ አልፈርድም፣ ያለው እሱ ነው። ግን በውሃ ታጥቦ «ደርቋል» የተባለ ጀሪካን እጀታው ክፍት ቱቦ ከሆነ እዚያ ውስጥ ውሃ ይዞ ይቀራል። አጥበህ ገልብጠህ ብታሳድረውም እዚያ ያለው አይወርድም። ለቤንዚን የለየኸውን ጀሪካን ውሃ አታስነካው። ማጽዳት ካለብህ ጥቂት ቤንዚን ጨምረህ ወዝውዘህ ድፋው። ከማደያ ስታመጣው ደግሞ ቶሎ አትገልብጠው። ከተቻለ አንድ ሌሊት ዘንበል አድርገህ አንድ ጥግ ላይ ደገፍ አድርገው፤ ያለው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ጥግ ይሰበሰባል። ጠዋት ሳትንጠው ቀስ ብለህ ቅዳና የመጨረሻዋን አንድ ሊትር አስቀራት። ያቺን ለብቻዋ በጠርሙስ አኑራት።

ማደያ ላይ ሌላ ብልሃት አለ። ቦቴ ሲራገፍ ካየህ ቢያንስ ለተወሰነ ሰዓት አትቅዳ፤ ከመሬት በታች ያለው ጋን ሥሩ ያለውን ቆሻሻና ውሃ ተናውጦ ነው የሚሰጥህ። ማደያዎች ውሃ የሚለዩበት በመለኪያ ዘንግ ላይ የሚቀባ ቅባት አለ። ኮልር ካት የሚባለው ለምሳሌ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ይቀባና ውሃ የነካው በኩል ደማቅ ቀይ ይሆናል። የምታውቀው ቀጂ ካለ፣ ዛሬ ዘንጉን ከተቱ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቤንዚኑን መንገድ ዳር በጠርሙስ ከሚሸጡት የምትገዛ ከሆነ ግን ምን እንደተቀላቀለበት ማንም አይነግርህም፤ ያን ቀን ሳትፈትሽ ሰልባትዮ ውስጥ አትጨምር።

በነጠላ ወይም በካልሲ ማጥለል የለመዳችሁ አላችሁ። ጨርቅ አሸዋና ዝገት ይይዛል እንጂ ውሃ አያቆምም፤ እንዲያውም ከታጠበ በደንብ ካልደረቀ ራሱ ይጨምርበታል። ውሃ የሚለይ ማፍሰሻ ግን አለ። ወንፊቱ በቴፍሎን የተቀባ ደቃቅ የብረት ወንፊት ነው፤ ቤንዚኑን ያሳልፋል፣ ውሃውን ከላይ ያስቀራል። ውጭ አገር የጀልባ ዕቃ መሸጫ ሁሉ ይገኛል፤ ዘመድ ሲመጣ ከሽቶና ከጫማ ይልቅ እሱን አስመጣ። በዝግታ ነው የሚቀዳበት፤ በኃይል ከደፋህበት ውሃውም አብሮ ያልፋል።

አሁን ወደ ፈተሻው። ጥርት ያለ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ የማርማላታ ቢሆን ይመረጣል፣ ያዝ። የሃይላንድ ላስቲክ ለጊዜው ያገለግላል፣ ግን ቤንዚን አታስቀምጥበት። ከሰልባትዮው ሥር በቱቦ ስበህ (በአፍህ አይደለም፣ በዚያው በእጅ በሚጨመቀው ጎማ) ጠርሙሱን አጋምሰውና አሥር ደቂቃ አስቀምጠው። ውሃ ካለ ከታች እንደ መስታወት ጥርት ያለ ንብርብር ይታያል፣ መሃላቸው ጥርት ያለ መስመር አለ። ቱ ስትሮክ ስለሆነ ከቤንዚኑ ጋር ዘይት ቀላቅለሃል፤ ዘይቱ ቀለም ስላለው ቤንዚኑን ያቀልመዋል፣ ውሃውን ግን አይነካውም፤ ይህ ላንተ ጥሩ ነው። ሁሉም ነገር ነጣ ብሎ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃው ተመትቶ ተበትኗል ማለት ነውና ሌሊቱን አስቀምጠው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ጠርሙሱ ውስጥ መስመር ካላየ «ንጹሕ ነው» ይላል። ከሰልባትዮው ሥር የሳብከው ሙሉ በሙሉ ውሃ ቢሆንስ? ሁለት ነገር ከሌለ መስመር ከየት ይመጣል? ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ከሆነ ደግሞ ሽታው ውሃውንም ስለሚወርሰው አፍንጫህ አያድንህም። ስለዚህ መስመር ያላየህ ዕለት አንድ ማንኪያ ውሃ ጨምርበት። ውሃው ወርዶ ከታች ለብቻው ከተቀመጠ ላዩ ቤንዚን ነው። ገብቶ ከጠፋብህ ጠርሙሱ የያዘው ውሃ ነበር።

ነጭ አልኮል ጨምርበት ላለህ ወዳጅህ ይህን ንገረው። ከመድኃኒት ቤት የምትገዛው አብዛኛው 70 በመቶ ነው፤ ቀሪው 30 በመቶ ውሃ ነው። ውሃ ለማውጣት ውሃ ትጨምራለህ ማለት ነው። ንጹሕ አልኮል ቢገኝ እንኳ ውሃውን አያጠፋውም፤ አቅልጦ በሞተሩ በኩል እንዲያልፍ ነው የሚያደርገው። ወደ ውጭ የማይወጣ፣ ከጀልባ ጋር የተበየደ ጋን ውስጥ ጥቂት ጠብታ ለቀረበት ሰው መላ ሊሆን ይችላል። አንተ ግን በሁለት እጅህ አንስተህ የምትደፋው ሰልባትዮ ይዘህ ለምን ትጨነቃለህ?

አልኮል ከተነሳ አይቀር፦ በአገራችን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የምትቀዱት ቤንዚን ሁሉ ማለት ይቻላል እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። እንዲህ ያለው ቤንዚን ጥቂት ውሃ በውስጡ ይሸሽጋል፣ ከሊትሩ ግማሽ በመቶ ገደማ። ከዚያ ካለፈ ግን ኢታኖሉ ከውሃው ጋር ተያይዞ ሥር ይወርዳል። ላይ የቀረው ቤንዚን ጉልበቱ ይጎድላል፣ ታች ያለው ደግሞ ሞተር የማያስነሳ ነው። ያኔ ማጥለል አያዋጣም፤ ሁሉንም ማውጣት ነው። ለወራት ቆመው የሚከርሙ ጀልባዎች ላይ ነው በብዛት የሚታየው። አንተ በየቀኑ ስለምትሠራ ብዙ አያሳስብህም።

ከሁሉ አስቀድመህ ግዛ የምልህ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ነው፣ ባለ 10 ማይክሮን። ከሥሩ የሚታይ ጽዋ ያለውን ምረጥ። ከሰልባትዮውና ከሞተሩ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታሰራል፤ ከጀልባዋ ወለል ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ወለሉ ላይ የሚቋጥረው ውሃ ያዝገዋል። ጠዋት ጠዋት ጽዋውን እየው፣ ውሃ ካለው በሥሩ ባለው ብሎን አፍስሰው። ፊልትሮው ግን ዘበኛ እንጂ ሐኪም አይደለም፤ ጽዋው ሲሞላ ውሃው ወደ ሞተሩ ይቀጥላል። በየሳምንቱ ብዙ ውሃ የምታፈስ ከሆነ በሩ ገና አልተዘጋም፣ ተመልሰህ ክዳኑንና ጀሪካኑን ፈትሽ።

ሞተሩ እንግዳ ጭነህ ከጠፋስ? ደጋግመህ ገመዱን አትሳብ። ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ውሃ እየጠጣ የሚዞር ፒስተን ያለ ዘይት ነው የሚዞረው፣ የሚላጠውም ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ መልሕቅ ጣል፤ ጣና ብዙ ቦታ ጥልቅ ስላልሆነ መልሕቅህ መሬት ያገኛል። ለእንግዶቹ ነፍስ አድን ሰደርያውን ማስለበስ ካልቻልክ ደግሞ ከወደብም መውጣት አልነበረብህም። ከዚያ ቱቦውን ከሰልባትዮው ንቀልና በተጠባባቂው ላይ ሰካው። ተጠባባቂ ስል አምስት ሊትር የሚይዝ፣ በሌላ ቀን የተቀዳ፣ በጠርሙስ የተፈተሸ ቤንዚን ማለቴ ነው። ከአንድ ጀሪካን ሁለቱንም ከሞላህ ሁለቱም አንድ ዓይነት ውሃ ይዘዋል። በካቻቢቴ የካርቡሬተሩን የታችኛውን ብሎን ላላ አድርገህ በጽዋው ያለውን በጨርቅ ተቀበል፣ ጎማውን ጨምቀህ ንጹሕ ቤንዚን እስኪመጣ አስወጣ፣ ብሎኑን አጥብቅ። ካንዴላዎቹ ርሰው ከሆነ አድርቃቸው። ሞተሩ ገና ስለሚግል በእርጋታ ሥራ፤ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ትነቱ እስኪበተን ጠብቅ። ይህን ሥራ መጀመሪያ ወደብ ላይ ሆነህ ተለማመደው፣ ማዕበል ላይ ብሎን ፍለጋ ጣና አይመችም። አሁን እንቦጭ የበዛበት አካባቢ ደግሞ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያ ተደፍኖም ሊጠፋ ይችላልና፣ ከኋላ የሚተፋው ውሃ መቆም አለመቆሙን አስቀድመህ እይ።

ከሰልባትዮው ያወጣኸውን የተበከለ ቤንዚን ሐይቁ ውስጥ እንዳትደፋው። በጀሪካን አስቀምጠው፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የላዩን ቀድተህ በዚያ በቴፍሎኑ ማፍሰሻ አሳልፈህ ትጠቀምበታለህ። የቀረውን ዝቃጭ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጠው።

ጎረቤትህ በናፍጣ የሚሠራ የብረት ጀልባ ካለው ሌላ ምክር ነው የሚያስፈልገው። ናፍጣ ውስጥ ውሃ ከቆየ በሁለቱ መሃል ጥቃቅን ተህዋስያን ይራቡና ጥቁር ልጋግ ይሆናሉ፤ ፊልትሮ የሚደፍነው እሱ ነው። የእሱ ጋን ሥር የማፍሰሻ ብሎን ስላለው ሞተር ከማስነሳቱ በፊት በየጠዋቱ ጥቂት ያፍስስ።

አዲስ ሰልባትዮ መግዛቱን ግን ለጊዜው ተወው። ፕላስቲኩ ካልተሰነጠቀ የድሮው ይበቃሃል፤ አዲሱም ቢሆን በዚያው ጎድጓዳ ክዳን፣ በዚያው ዝናብ ነው የሚያድረው። በዚያ ገንዘብ ጎሚኒውን፣ ፊልትሮውንና ሁለተኛ ጀሪካን ግዛ። ከተረፈህ ሁለት ካንዴላ ጨምርበት።